በሚሰምጥ ፍሬን እስከ ሀዋታ

የሱዳኗን ገዳሪፍን በስም እንጂ ረግጦ የማያውቃት የሰፈራችን ሰው ብዙ ነው። ከተመለስን ጀምሮ "አገሩ እንዴት ነው?" ይሉኛል። "ሜዳ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ሰዉ ደግ ነው" ብዬ አልፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ ጉዞ ውስጤ የቀረው ሜዳው አይደለም። ከስምንቱ ቀን አብዛኛውን ቅናት ሲያንገበግበኝ ነው የከረምኩት። እንግዲህ ያየሁትንም የሆንኩትንም በተራው ልጻፈው፤ የሚስቅብኝም ይሳቅ።

የሄድነው አማቴን ወይዘሮ ብርነሽን ለማምጣት ነበር። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ተወልዳ ያደገችው ገዳሪፍ ነው። አባቷ እዚያ ጋራዥ ነበራቸው፤ እሳቸው ሲሞቱ እናቷ ወደ ሀዋታ ሄደው ትንሽ ሱቅ ከፍተው ኖሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ "አገሬ ልግባ" ብለው ላኩብን። መንገዱ ገና ሰላም የነበረበት ጊዜ ነው፤ ዛሬ ቢሆን እንደዚያ እንደልብ አይኬድም።

እኔ አንድ አሮጌ አይሱዙ አለኝ። ከጉዞው ጥቂት ሳምንት በፊት ብዙ ጭነት እንዲይዝልኝ ብዬ ሻንሲውን፣ የመኪናውን ወገብ ብረት፣ ከአንድ ሜትር በላይ አስረዝሜው ነበር። ብየዳውን በያጅ ሠራው። ሻንሲው ሲረዝም ጭስ ማውጫውም፣ የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቀጭን ቱቦም መቀጠል ነበረባቸው፤ እነሱን ራሴ ቀጠልኳቸው። ከጎንደር አዘዞ ደርሼ ስመለስ ፍሬኑ ድንጋይ የረገጥኩ ያህል ጠንካራ ነበር። በእጄ ሥራ ኮራሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ጧት በብርድ ወጣን። አይከል ላይ ቁርስ ስንበላ ጥሩወርቅ ጋቢዬን ደርባ እጇን በሻይ ብርጭቆ ታሞቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ቆላው መውረድ ሲጀምር ጋቢው ተጣለ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ ንፋሱ ራሱ ሞቀ። የየካቲት መጨረሻ ነበር።

ቀትር ላይ፣ ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሸሸና እስከ ወለሉ ሰመጠ። ደንግጬ ደጋግሜ ስረግጠው ቀስ እያለ ተመለሰ። ማርሽ ቀንሼ አለፍኩት።

"ምን ሆነ?" አለች ጥሩወርቅ።

"ምንም።"

"ሦስቴ ረገጥከው እኮ።"

"መንገዱ ነው" አልኳት።

እግሬን አየችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ደግማ ስላልጠየቀችኝ ደስ አለኝ።

መተማ ያደርንበት ቤት ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የክፍላችን ቬንትሌተር አልሠራ ሲል የራሳቸውን ከመኝታቸው አንሥተው አመጡልን። "እናንተ ደገኞች ናችሁ፣ እኔ ለምጄዋለሁ" አሉ። ጎንደር ቢሆን ለእንግዳ ብርድ ልብስ ነው የሚጨመር፤ እዚያ ንፋስ ይጨመርለታል።

ሁለተኛው ቀን

ገና ሳይሞቅ ተነሥቼ መኪናውን ዞርኩት። የፈሰሰ ዘይት የለም፣ የረጠበ ጎማ የለም። ፔዳሉን ብረግጠው ጠንካራ ነው። አንድ ሰው ፔዳሉን አስረግጬ በአራቱም ጎማ በኩል ከፍሬን መስመሩ አየር አስወጣሁ፤ ብዙም አየር አልወጣ። "በቃ ደህና ነው" ብዬ የድንበሩን ድልድይ ተሻግረን ጋላባት ገባን።

ጎንደር ስንኖር ለሰው የምናገረው እኔ ነኝ። ቀበሌ ቢባል፣ ሐኪም ቤት ቢባል፣ እኔ እናገራለሁ፤ ጥሩወርቅ ከጎኔ ትቆማለች። ጋላባት ላይ ግን ወረቀቱን ይዛ ኬላው ቢሮ ገባች፣ ከመኮንኑ ጋር በዐረብኛ ተነጋገረች፣ አንድ ነገር ተናግራ አሳቀችው፣ እሱም ሌላ ነገር ተናግሮ አሳቃት። እንደዚያ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ስትስቅ በሰባት ዓመት ትዳራችን አላየሁም። እኔ በር ላይ ቆሜ ካኪ ፖስታ ይዣለሁ።

"ምን ብሎሽ ነው?" አልኳት ስንወጣ።

"አይ፣ በአማርኛ አያስቅም" አለችኝ።

ቅናቱ የተነሣ እዚያ ላይ ነው። በማን እንደምቀና እንኳ ገና አላወቅሁም።

ወደ ባሱንዳ በኩል ስናልፍ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ መሬቱ ጥቁር ነው፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። እኛ አገር አንድ ገበሬ በበሬ የሚያርሳት ማሳ እዚያ ማዕዘን ላይ ብትቀመጥ አትታይም። ቀትር ሆኖ ነበር። የግመል መንጋ ከግራ ወጥቶ መንገዱን ሞላው። ፍሬን ያዝኩ፣ ፔዳሉ ወለል መታ። ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ምንም። የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ፣ ማርሽ ቀነስኩ፣ መሪውን ወደ ቀኝ ሰበርኩና አገዳው ውስጥ ገባን። አገዳው ሲንኮሻኮሽ፣ አቧራው ሲሸፍነን፣ መኪናው እየጎተተ ቆመ። ግመሎቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩን።

ዐም ኡስማን የሚባሉ ሽማግሌ ከጥላቸው ሥር ተነሥተው መጡ። ጥላው በእንጨትና በሣር የተሠራ ነው፤ እነሱ ረኩባ ይሉታል። እጃችንን ይዘው አስገቡን፣ ከሸክላ ጋን ቀዝቃዛ ውሃ ቀዱልን፣ ኪስራ በደረቀ ባሚያ ወጥ አቀረቡ። ኪስራ እንጀራ ይመስላል፣ ግን እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ ዓይንም የለውም። ሦስት እጥፍ ካልጎረሱት አፍ አይሞላም። ሽማግሌው እኔን እያዩ ለጥሩወርቅ አንድ ነገር አሏት፤ ሳቀች።

"ምን አሉሽ?"

"'ባልሽ አደጋ የደረሰበት አይመስልም፣ የተጣላ ሰው ነው የሚመስል' አሉኝ።"

ከመኪናው ሥር ገብቼ ስፈትሽ፣ እሷ ስልኳን አንሥታ ራቅ ብላ ቆመች። በዐረብኛ ትናገራለች፣ ትስቃለች፣ እንደገና ትናገራለች።

"ማነው?"

"ሙሌ ነው። አባቴ ጋር ይሠራ የነበረ። አሁን ትልቅ ጋራዥ አለው። ቀስ ብላችሁ ኑ፣ እጠብቃችኋለሁ አለ።"

ሰባት ዓመት። ሙሌ የሚባል ሰው ስም በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። ስልክ ቁጥሩ ግን ስልኳ ውስጥ ነበረ።

ፀሐይ ዘንበል እስክትል ዐም ኡስማን ጋ ቆየን። ስንነሣ ፔዳሉ ራሱን ችሎ ጠንክሯል። በዝግታ ነዳሁ። ገዳሪፍ ከሩቅ የምትታየው በእህል ጎተራዎቿ ነው፤ ከኮረብታዎቹ ግርጌ እንደ ፎቅ ቆመዋል። መግቢያው ላይ አንድ ረጅም ሰው ሞተር ሳይክሉን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

"ደሀብ!" ብሎ ጮኸ።

ጥሩወርቅ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተች። ደሀብ በዐረብኛ ወርቅ ማለት ነው። ልጅ ሆና እዚያ የምትጠራበት ስም እንደሆነ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሙሌ እኔንም አቀፈኝ። "ወላሂ ያ አኺ፣ እንኳን ደህና መጣህ። የደሀብ ባል ወንድሜ ነው" አለኝ። የጎንደር ልጆች የወለዱት ነው፣ ግን ዐረብኛው በአማርኛው መሀል ሳያስበው ይገባል። እጁን አየሁት። መካኒክ ነው፣ ጥፍሩ ግን ንጹሕ ነው። ያም አናደደኝ።

ቤቱ ሰፊ ግቢ አለው። በኒም ዛፍ ሥር በገመድ የተሠሩ አልጋዎች አነጠፈልን፤ ፉል በሰሊጥ ዘይት፣ አይብ፣ ቀይ ሽንኩርት በራሱ እጅ አቀረበ። ቤቱ ውስጥ ሴት አልነበረችም። ይህ ሰው አርባ ሊሞላው ነው፣ ቤት አለው፣ ጋራዥ አለው፣ ሚስት የለውም። ለምን ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱንም ራሴው ሰጠሁ።

ሦስተኛው ቀን

ቁርስ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሙሌ አነጋግሮ ሲጨርስ "ሚስቴ ናት፣ ለመውለድ እናቷ ጋ ከሰላ ሄዳለች፤ ዛሬ ነገ እያልን ነው" አለን። እንግዲህ ልቤ ማረፍ ነበረበት። አላረፈም። ሚስት ያለው ሰው ሌላ ሰው ማሰብ አይችልም ያለው ማን ነው?

ጋራዡ ብዙ መኪና የተሰለፈበት ነው። ጎንደር እኔ የማሠራበት ቦታ ቁልፍ ሲጠፋ ከጎረቤት እንዋሳለን፤ እዚህ ግድግዳው ላይ ቁልፉ ሁሉ በቁመቱ ተሰልፎ ተሰቅሏል። ሙሌ ፔዳሉን ረገጠ። ጠንካራ ነው። መኪናውን ይዞ ሰፈሩን ዞረ፣ ተመለሰ። "ተማም ነው። ምንም የለውም" አለኝ። ውሸታም የሆንኩ መሰለኝ።

"ትናንት ወለል ነክቷል" አልኩ።

"አምንሃለሁ። ማስተሩን እንፍታው።"

የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ማስተር ፈቶ በውስጡ ያሉትን ትንንሽ ላስቲኮች ቀየረ። ከዚያ አየር ለማስወጣት ፔዳል የሚረግጥ ሰው ሲያስፈልግ እኔ ወደ ጋቢናው ስሄድ እሱ ሳያስበው "ደሀብ!" ብሎ ተጣራ። ጥሩወርቅም ሳታስበው ወጣች። እሱ ከጎማው ሥር ተኝቶ "ዱሲ!" ይላል፣ ትረግጣለች። "አምስኪ!" ይላል፣ ይዛ ትቆያለች። ብሎኗን ፈታ ያደርጋል፣ ዘይቱ ይተፋል፣ ይዘጋል። "ዱሲ!" አራቱን ጎማ ሲጨርሱ አንዴ እንኳ አልተሳሳቱም፣ አልተጠባበቁም። ከዚያ በፊት ስንት መቶ ጊዜ እንደሠሩት ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። እኔ የውሃ ጆግ ይዤ ቆሜ ነበር።

"ያ አኺ" አለኝ ሙሌ እጁን እየጠረገ፣ "ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ጭነን እንሞክረው። ጧት ደህና ሆኖ ቀትር ላይ የሚሰምጥ ከሆነ..."

"ተሠርቷል። እንሄዳለን።"

"የሀዋታ መንገድ ሩቅ ነው።"

"ባለመኪናው እኔ ነኝ" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞር አለ።

ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ ከመኪናው ሥር ታይ ነበር። "አዲሱ፣ ቆይ እስቲ፣ አንድ ነገር..." ብላ ስትጀምር "ግቢ" አልኳት። ገባች።

መፋዛ አካባቢ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ፍሬን ሳልነካ ነዳሁ፤ ነገሩም ያለፈልኝ መሰለኝ። አንድ ውሃ ሻጭ አህያ የሚጎትተውን በርሜል ይዞ ወደ መንገዱ ወጣ። ረገጥኩ። ወለል። ጥሩወርቅ ጮኸች። የእጅ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጥሩምባ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ አደረግሁት። ሰውየው አህያውን ጎትቶ ሊያልፍ ሞከረ፣ በርሜሉ ግን ከባድ ነው። መኪናው ቆመ። ስወርድ የመኪናው የፊት ፓራውልት በርሜሉን ነክቶ ነበር፤ ውሃው ከአፉ እየተንቀጠቀጠ ይፈሳል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ውሃ ሻጩ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" እያለ አህያውን ዳበሰ፤ ከዚያ ከዚያው በርሜል በቆርቆሮ ቀድቶ አጠጣኝ።

ጥሩወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከመኪናው ሥር ገብታ ነበር።

"አዲሱ፣ ውሃ አምጣ።"

አመጣሁላት።

"እዚህ ጋ እጅህን አስጠጋ። አትንካው።"

ሳስጠጋው የፍሬን ቱቦው እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ውሃውን ስታፈስበት ጮኸ፣ እንፋሎት ወጣ። ደጋግማ አፈሰሰች፤ እስኪበርድ ጠበቅን።

"አሁን ሂድና ርገጠው።"

ረገጥኩት። ጠንካራ ነው።

ከሥር ሆና ነገረችኝ። "ቱቦውን ስትቀጥለው ከጭስ ማውጫው ጋር ጎን ለጎን አስረኸዋል። ረጅም መንገድ ሲነዳ ጭስ ማውጫው ይግላል፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት ይፈላል። ከፈላ በኋላ እግርህ የሚገፋው ዘይቱን አይደለም፣ እንፋሎቱን ነው። ሲበርድ ይመለሳል። ጧት ጧት ደህና የሚሆነው ለዚህ ነው። ጎንደርም ምንም ያላሳየህ ለዚህ ነው፣ ብርድ ነው፣ መንገዱም አጭር ነው።"

ሰው በዚህ ሰዓት ምን ይላል? የእኛንም የሌላ ሰውንም ነፍስ የሚያተርፍ ነገር ነግራኝ ሳለ፣ ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦

"ይህን ሙሌ ነው የነገረሽ?"

ቀስ ብላ ወጣች። ፊቷ ጥቁር አቧራ ሆኗል። "አባቴ ነው የነገረኝ" አለች። "አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ለአንተም ነግሬህ ነበር። መኪናውን አስረዝመህ ያመጣህ ዕለት፣ ቱቦው ከጭስ ማውጫው ይርቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። ምን አልከኝ?"

አስታወስኩ። ስቄ ነበር። መሳቅ ብቻ አይደለም፤ በማግስቱ ቤታችን ለመጡ ሾፌሮች "ባለቤቴ ደግሞ መካኒክ ሆናለች" ብዬ ነገርኳቸው፤ ሁላቸውም ሳቁ፤ እሷም ሻይ እየቀዳችልን ነበር።

ቱቦውን ከጭስ ማውጫው በእንጨት አራራቅነው፣ እርጥብ ጆንያ ጠቀለልንበት፣ እስኪቀዘቅዝ ቆይተን በዝግታ ሄድን። ሀዋታ የገባነው ሲመሽ ነው።

አራተኛውና አምስተኛው ቀን

ሀዋታ ራሃድ ወንዝ ዳር ናት። ወንዙ እኛ ሽንፋ የምንለው ነው፤ ከእኛ ተራራ ወርዶ እዚያ ስሙን ይቀይራል። በየካቲት ደርቆ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ቀርቶታል። ጎረቤት ሁሉ አማቴን ለመሰናበት መጣ፤ ሁሉም አንድ አንድ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው፣ ከርከዴ፣ ቴምር፣ አንዷማ ሁለት ዶሮ። ያን ያህል ያስረዘምኩት መኪና ለአማቴ ዕቃ አልበቃም። የገመድ አልጋቸውን ትተው እንዲሄዱ ስለምናቸው "እኔን ትተኸኝ እሷን ጫን" አሉኝ። ጫንናት።

ጥሩወርቅ ከሁሉም ጋር ታወራለች፣ ከእኔ ጋር ግን ስለ ገመድና ስለ ሸራ ብቻ።

በአምስተኛው ቀን አንድ የብረት ሣጥን ሳነሣ ከበደኝ። "ምንድን ነው እማማ?"

"የባሌ ዕቃ ነው፣ የሥራ ዕቃው። ሙሌ ልግዛው ብሎኝ ነበር። የጥሩወርቅ ነው አልኩት።"

"የጥሩወርቅ?"

ወደ እኔ አቅጣጫ ዞሩ፤ ዓይናቸው ጥላ እንጂ መልክ አይለይም። "ልጄ፣ እሷ እኮ ለአባቷ ቀኝ እጁ ነበረች። ከአሥር ዓመቷ እስክታገባ ድረስ። ሙሌ ሲቀጠር ቁልፍ በቁጥር መለየት ያስተማረችው እሷ ናት።"

"አልነገረችኝም።"

"ጠይቀሃታል?"

ሣጥኑን መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ፣ ከመጣን ጀምሮ ልጠይቀው ያልደፈርኩትን ጠየቅሁ። "ሙሌ ሊያገባት ፈልጎ ነበር?"

"አዎ፣ ሽማግሌ ልኮ ነበር። እኔ እሺ ብዬ ነበር። እምቢ ያለችው እሷ ናት።"

"ለምን?"

"ለእኔም አልነገረችኝ" አሉና ሣጥኑን በእጃቸው ዳበሱት። "በደንብ አስረው።"

ስድስተኛው ቀን

ፀሐይ ሳይወጣ ተነሥተን ሙቀቱ ሳይበረታ ገዳሪፍ ደረስን። ጋራዡ በር ላይ ሙሌ ሲቀበለን፣ ሌላ ሰው ሳይናገር በፊት እኔ ተናገርኩ።

"በዚያ ቀን ስለጮህኩብህ ይቅርታ። ፍሬኑ ወለል ገብቶ ሰው ልገድል ነበር። ጥፋቱን ያገኘችው ጥሩወርቅ ናት።"

ምክንያቱን ስነግረው ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ፤ ቱቦውን፣ ጭስ ማውጫውን፣ ጆንያውን። ከዚያ ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

"ከሥሩ ሁለት ሰዓት ተኝቼበታለሁ! ዓይኔ ሥር ነበር!" አለ። ቀና ብሎ እኔን አየኝና በአማርኛ ብቻ ተናገረ። "ያኔም እንዲህ ነበረች። ጌታዬ፣ አባቷ፣ አስቸጋሪ ሥራ ሲመጣ እኔን አልፈው ለእሷ ነበር የሚሰጡት። እኔ ወንዱ ዘይት እቀይራለሁ፣ እሷ ሞተር ትሰማለች። ስቀናባት ነው ያደግሁት፣ እውነቴን ነው። ሲያማት እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።"

"አውቅ ነበር" አለች ጥሩወርቅ፣ እየሳቀች። "ቁልፌን ትደብቅ ነበር።"

እኔም ሳቅሁ፤ ከልቤ ግን አልነበረም። ጥፋቱ ከተገኘ፣ ነገሩም ንጹሕ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ አብረው ስላደጉባቸው ዓመታት ቀናሁ። ቁልፍ የመደበቅ ያህል ትዝታ እንኳ ከእሷ ጋር የለኝም።

ሙሌ አዲስ ቱቦ አመጣና መሣሪያውን ሊያነሣ ሲል ቆም አለ። መሣሪያውን ለጥሩወርቅ ሰጣት። ቱቦውን በሻንሲው በሌላኛው ወገን፣ ከጭስ ማውጫው አርቃ፣ እየለካች አጎበጠች። አሮጌውን ዘይት ሁሉ አስወጣን፤ ሻይ መስሎ ነበር። አየር ለማስወጣት ጊዜው ሲደርስ እኔ ሳልጠራ ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩ።

"ርገጥ!" አለች ከሥር። "ያዝ! ያዝ አልኩህ፣ አትልቀቅ!"

ሁለቴ ቀድሜ ለቀቅሁባትና አየሩ ተመልሶ ገባ። እንደ ሙሌና እንደ እሷ አልሆንንም፤ ከእነሱ እጥፍ ጊዜ ፈጀን። አማቴ ጥላ ሥር ተቀምጠው ድምፁን ይሰሙ ነበር። "ፈጣን አይደለም" አሉ ለሙሌ፣ እኔ እንድሰማ።

ቀትር ላይ፣ ጭነቱን እንደያዝን፣ ረጅም መንገድ ነድተን ኮረብታውን ወጣን ወረድን። ፔዳሉ ከቦታው አልተነቃነቀም። በዚያው ከሰዓት ከከሰላ ስልክ ተደወለ፤ ሙሌ ሴት ልጅ ወለደ። ግቢው እልል አለ፤ እኛ ካመጣናቸው ዶሮዎች አንዱ ታረደ።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን

ዶካ ላይ ሻይ ጠጣን። እዚያ አካባቢ የስደተኞች መጠለያ ስላለ ገበያው ውስጥ ትግርኛ ይሰማል። ሻይ የምትሸጠው ሴት የመኪናችንን ታርጋ አይታ "ወደ አገር ቤት ነው?" አለችን። አዎ አልናት። ብርጭቆአችንን ሳንጠይቃት ደግማ ሞላችው።

መተማ አድረን በማግስቱ ሽቅብ ጀመርን። አማቴ በመስኮቱ በኩል አንገታቸውን አስደግፈው ተኝተዋል፤ ጥሩወርቅ መሀል ናት። ንፋሱ እየቀዘቀዘ ሲመጣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ ጠየቅኋት።

"ሙሌን ለምን እምቢ አልሽው?"

ወደ እናቷ ዞር ብላ መተኛታቸውን አየች።

"እሱን ባገባ ጋራዡ የእሱ ነው የሚሆን። እኔ ወጥ ቤት እገባለሁ። ስንቱን አይቻለሁ" አለች። "የአንተ ሽማግሌ ሲመጣ አሮጌ መኪና ያለው ሾፌር ነው አሉኝ። በየመንገዱ ይሰበርበታል ብዬ አሰብኩ። ሲሰበር አብረን ከሥሩ እንገባለን ብዬ።"

እጇን ከጉልበቷ ላይ አንሥታ ጋቢውን ሳበች።

"ሰባት ዓመት ጠበቅሁ፣ አዲሱ።"

ይቅርታ ማለት ለሙሌ ቀሎኝ ነበር፣ ለእሷ ግን ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ። አንድ ሁለት መታጠፊያ አለፍን። ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን፣ ለበያጁም ለሙሌም ያልነገርኩትን ተናገርኩ።

"የኋላ ግራ ጎማው ድምፅ አለው። ስሄድ ያፏጫል። አንድ ወር ሳይሆነው አይቀርም።"

"ሁለት ወር" አለች ጥሩወርቅ። "ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው። ቦታ ስታገኝ አቁመው።"

አይከል ሳንደርስ ከመንገዱ ወጥቼ አቆምኩ። ታኮ አደረግሁ፣ ክሪኩን አወረድኩ፣ የአባቷን ሣጥን ከጭነቱ መሀል ጎትቼ አወጣሁት። አማቴ ነቅተው "ደግሞ ምን ተሰበረ?" አሉ።

"ምንም አልተሰበረም እማማ" አልኳቸው፤ ጥሩወርቅም ከሥር ሆና የምትፈልገውን ቁልፍ በቁጥሩ ጠራችልኝ።